ማን ፊት ልቀመጥ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከፍርድ ቤቱ ጓዳ፣
ጉርድ ፎቶ አጣበቅሁ፣ ለከሳሽ ለባለዕዳ።
አንድም ፊት አልረጋ፤ ሁሉም ዓይኑ ፈጦ፣
ዳኛ ሳያየው ገና የተፈረደበት መስሎ፣ ቁጢጥ ብሎ ተቀምጦ።

ዘንድሮ ተራው የኔ ሆነ።
የጡረታ ደብዳቤዬ ሲደርስ፣ ልጄ ከባሕር ዳር ደውላ፣
«ትልቅ ፎቶ ተነሺ፣ ሳሎን የሚሰቀል» አለች፣ በእመቤቴ ምላ።
እኔ ደግሞ አንገቴ ላይ፣
እንቅርቴ በወጣበት፣
ሐኪም እንደ መዝገብ የጠረዘው ስፌት አለብኝ፤
ከነጠላዬ በቀር ማንም አያውቅብኝ።
እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸው፣
በሀፍረት ላይ ካሜራ ነው።

ፍኖተ ሰላም ፎቶ ቤት መች ቸገረ?
ምናለ ዘንድ ገባሁ፣ መናኸሪያው አጥር ጥግ ካለበት፣
መጋረጃው ፏፏቴ ነው፣ ጢስ ዓባይ የተሣለበት።
«ቀና! ዝቅ! ወደ ቀኝ! ቀኝሽን አታውቂም?»
አገጬን በሁለት ጣት አነሣው፤
የበግ ጥርስ የሚያይ ነጋዴ እንኳ እንዲህ አይደፍርም።
ብልጭ ሲል ጨፈንሁ።
ደግሞ ብልጭ፤ ደግሞ ጨፈንሁ።
«ሒሳቡ የሁለት ነው» አለኝ። ከፍዬ፣ ተመስገን ብዬ ወጣሁ።

ዋለልኝ ወጣት ነው፤ ዕቃው ሁሉ ዘመነኛ፣
ወንበሩ ይሽከረከራል፣ «እትዬ» ይላል፣ ማር የሆነ ምላሰኛ።
አንሥቶኝ ሲያበቃ ከኮምፒውተሩ ሥር አስቀመጠኝና
አንዴ ጫን ቢያደርግ ስፌቴ ጠፋ፣
ሽበቴም ተከተለው፣ እንደ ጉም፣ እንደ ደመና።
ደግሞ ጫን፤ ከዓይኔ ሥር ሠላሳ አንድ ዓመት ታጠበ፣
«አዩ! እንዴት አማረብዎት!» ብሎ እጁን አጨበጨበ።
አየሁ። ቆንጆ ሴት ናት። ከየት እንደመጣች አላውቅም፤
በኛ ቋንቋ «ማንነቷ ያልተረጋገጠ»፣
መዝገብ አይከፈትላትም።

ከበርበሬ ተራ ማዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣
አንዲት ክፍል አለች፤ ለበሯ እጅ ነሥቶ እንጂ ቀጥ ብሎ ማን ሊገባ።
ባለቤቱን ይርሳው ይሉታል፤
ስሙ መርሳት ሆኖ፣ የሰው ፊት ሲያስቀር ይውላል።
ገና ሳልቀመጥ አነጠሰ፤ ደግሞ አነጠሰ፤
«በርበሬው ነው» አለ፣ ዓይኑን በእጅጌው አበሰ።
ካሜራው መስኮት ደፍ ላይ ተጋድሟል። አልነካውም።
«ስምሽ?»
«አንጓች።»
«ማን ሊያየው ነው?»
«ልጄ።»
«ማንስ እንዳያየው ትፈልጊያለሽ?»
ይህን ያህል ዘመን ፍርድ ቤት ስኖር፣
እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠየቅ አልሰማሁም።
መልስ አልሰጠሁትም። አልደገመውም።

ተነሥቶ ካሜራውን እጄ ላይ አኖረ፤
«መጀመሪያ አንቺ አንሽኝ» ብሎ፣ ከበርጩማው ሄዶ ሰፈረ።
ይኸ ሰው፣ ዕድሜ ልኩን ፊት ሲያይ የዋለ፣
ጉልበቱን ገጠመ፤ ትከሻው ተሰቀለ።
ልክ እንደ መዝገቤ ሰዎች፣ እንደነዚያ ባለዕዳዎቹ፣
ማረፊያ ጠፋቸው፣ ባይተዋር ሆኑ እጆቹ።
ባንድ ዓይኔ አጮለቅሁ።
«ቀና በል» ልለው ነበር፣ አፌ ላይ ደርሶ መለስሁት።
«በርበሬው መጣብህ» አልሁት።
ሳቀ። ያኔ ተጫንሁት።

ከዚያ እኔ ተቀመጥሁ።
ነጠላሽን አውርጂ አላለኝም፤ ሸፍኝም አላለኝም።
እጄ ነው የለቀቀው፤
ለምን እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅሁትም።
ስንቴ እንዳነሣኝም አልቆጠርሁ፤
የወፍጮውን ድምፅ እየሰማሁ ነበር፣
ስለ ጤፍ ዋጋም ሳንነጋገር አልቀረንም።

ልጄ ለፋሲካ መጣችና ሳሎን ቆማ አየችው።
ብዙ ቆየች።
«የት ተነሣሽ?» አላለችም፣
«ማን ነው ያነሣሽ?» አለች እንጂ፣ ጣቷን ስፌቱ ላይ አሳርፋ።

ያኛው፣ እኔ ያነሣሁት፣ ትንሽ ደብዝዟል፤
ከአናቱም ጥቂት ተቆርጧል።
ይርሳው ግን ከደንበኞቹ መሀል ሰቅሎታል።
ባለፍሁ ቁጥር በበሩ ጎንበስ ብዬ አየዋለሁ፤
ጉርድ ነው፤
ዓይኑ ግን አልፈጠጠም።