ቤቶች!

ነሐሴ ነው አል አይን፤ ጀበል ሐፊት ግሏል፣
አስፋልቱ የጫማ ሶል ነክሶ ያስቀራል።
ከውጭ አርባ ስምንት፣ ከውስጥ ሃያ ሁለት፤
ምድር ቤት ወርጄ ሦስተኛውን በር ስከፍት
አይጦቹ በቅዝቃዜ፣ ሰጋቱራው ላይ ተጠቅልለው፣
ከሰው በፊት ኤሲ ደርሷቸው።

ሥራዬ ይኸው ነው፦ ጎጆ ማጽዳት፣ ውሃ መሙላት፣
የጆሮ ቁጥር ማንበብ፣ ሚዛን ላይ ማውጣት።
ጥቁሮቹ በግራ፣ ቡኒዎቹ በቀኝ፣
ቅባት የበዛበት አንድ መኖ ነው የሚታዘዝልኝ።
አንድ ግራም አላበላለጥኩም፤
እናት እንኳ ለልጆቿ እንዲህ አታካፍልም።
በአሥረኛው ሳምንት ቡኒዎቹ አልተለወጡም፣ አልተለወጡ፤
ጥቁሮቹ ደማቸው ጣፈጠ፤ ውሃ ጠጡ፣ ጠጡ።

«በሩ ጆሮ አለው» አለችኝ ዶክተር ሱዓድ፣
በዓረብኛ፣ ቀስ ብላ፣ እንዲገባኝ።
እኔ በልቤ ተረጎምኩት፦
ኢንሱሊን ስኳሩን አስከትሎ ይመጣል፣
ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል።
የቡኒዎቹ ቤት ድምፁን ሳይጨርስ «ይግቡ» ይላል።
የጥቁሮቹ ግን፣
«ቤቶች!» ዝም።
«ቤቶች!» ዝም።
እንግዳው ደጅ ያድራል፣ ይሞላል በደም።
«ማን ደፈነው ጆሮውን?» አልኳት።
«ዘር ነው፤ ግን አንድ ብቻ አይደለም፣
ብዙ ናቸው፣ ጥቂት ጥቂት የሚጎትቱ፣ ስማቸውን ገና አልጨረስንም።»

እኛ አገር ርስት ሲጠየቅ አጥንት ይቆጠር ነበር።
አባቴ ቆጥሮ ቆጥሮ
ግማሽ ጥማድ መሬት ሳይደርሰው ቀረ።
ለካ አንዱ ርስት ያለ ዳኛ፣ ያለ ምስክር ደርሶት ኖሯል።
ቀጭን ነበር። ቅባት የት አይቶ!
ሽንቱ ላይ ጉንዳን ሲሰፍር ጎረቤት «ዓይን ነው» አለ፣
እኔም አምኜ ነበር።
አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ማማ ሸምሳን ደግሞ አራት ዓመት ወግቻታለሁ፣
ከእምብርቷ ግራና ቀኝ፣ በቀን ሦስቴ፤
ከትራሷ ሥር የቴምር ፍሬ ስለቅም እየሳቀች፣
«ለባለቤቴ አትንገሪ» ትለኝ ነበር፣ ባሏ ከሞተ ቆይቶ።
አባቴና ማማ ሸምሳ!
በአንድ ገበታ የማይቀመጡ፣ በአንድ መዝጊያ የተዘጋባቸው።

ረቡዕ ማታ መኖ ይነሳል፤ ለምርመራው ይጾማሉ።
እኔም እራት አልበላሁም፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም ራሴን።
ሐሙስ ጠዋት የጅራት ጫፍ፣ ጠብታ፣ ቁጥር፤ ጠብታ፣ ቁጥር፤
አርባ አንደኛዋ ጋ ስደርስ ደርቃለች ከሰጋቱራው ሥር።
ለሱዓድ በስልክ ነገርኳት። ቅጹ ላይ ባዶ መስመር ቀረ።
ጓንቴን አወለቅኩ።
መርፌው ከትንኝ አይብስም።
መሣሪያው አምስት ሰከንድ ቆጠረ፤ እኔ አልቆጠርኩም።

ሁለት መቶ አሥራ አራት።

እዚያው ጻፍኩት፣ በሟቿ መስመር ላይ።

ቀትር ላይ ሱዓድ ቅጹን ይዛ መጣች፤
«አርባ አንድ ሞታለች ብለሻል፤ ታዲያ ይህ የማን ደም ነው?» አለች።
ጣቴን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። ጥጡ ወደቀ።
ወለሉን አየች፣ እኔን አየች፤ ቁጥሩን አልሰረዘችውም።
ወንበር ሳበችልኝ።
ስድስት ዓመት ስሠራ በዚያ ክፍል ተቀምጬ አላውቅም።

ማታ ለእህቴ ለዘምዘም ደወልኩላት፣
ከአንድ ማህፀን ወጥተን ከአንድ ትሪ የበላን።
«ተለክተሽ ታውቂያለሽ?» «ቁመቴን?» ብላ ሳቀች።
ድምፅዋ ሙሉ ነው፣ አልጠማትም፤
ከቡኒዎቹ ወገን ሳትሆን አትቀርም።

አሥራ ሰባተኛዋ ጥቁር አይጥ አለች፣
ሌሊቱን ሙሉ መሽከርከሪያዋን ስትረግጥ የምታድር።
ዘሯ ያው ነው፤ ቁጥሯ ግን ትንሽ ወርዷል።
ትንሽ። አላጋነንኩም፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

እኩለ ሌሊት የመኪና ማቆሚያውን ሰባት ጊዜ ዞርኩ።
ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ፤ ዘበኛው «ምን ጠፋሽ?» አለኝ።
መልሼ ስጨርስ መብራቱ ሥር ቆምኩ፣
እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ፣
በገዛ ቤቴ ደጃፍ፣ እንደ ሩቅ እንግዳ፣
ቀስ ብዬ
«ቤቶች!» አልኩ።