ወይን ወይንስ

ጥቅምት ነው፣ ቴላቪ። የወይን መከር ደርሶ፣
አስፋልቱ በጭነት መኪና ታምሶ፣
የሰው ሁሉ ጣት በጭማቂ ርሶ፣
ሆስፒታሉ ብቻ ነጭ ጨርቁን ለብሶ
ክሎሪን ይሸታል።

ምድር ቤት፣ ከቤተ ሙከራው ጥግ፣ ናዚብሮላ አለች፤
የማታውን ሳህን ከማሞቂያው አውጥታ ክዳኑን ገለጥ አደረገች፣
አሸተተች።
(ማሽተት ክልክል ነው። ደንቡ ከግድግዳው ተለጥፎ ይታያል፤
ሠላሳ ዓመት አነበበችው፤ ሠላሳ ዓመት አፍንጫዋ ይቀድማል።)

ወይን።
ፀሐይ ያሞቀው፣ ሊፈነዳ የደረሰ ጥቁር ዘለላ፣
ከአረንጓዴው መግል፣ ከኤልጉጃ ገላ።

ኤልጉጃን ታውቀዋለች፤ ማን የማያውቀው አለ?
አረቄ ሲያወጣ ጋኑ ፈንድቶበት ጀርባው የተቃጠለ፣
አልጋ አራት ላይ በሆዱ ተኝቶ ቀልድ የሚያወራ።
ይህ ደግሞ እንግዳው፤ ስሙ ሱዶሞናስ፣ ብዙም የማያስፈራ፣
ከቧንቧ ጉሮሮ፣ ከአበባ ውሃ፣ ከእርጥብ መወልወያ
አንገቱን ደፍቶ አዳሪ፤ ጤነኛን አይነካ፣
አጥር እስኪፈርስ ነው ዝምታው ለካ።

ደወለች።
«ብክለት ነው» አለ ዶክተር ባዱር፣ አፉ ውስጥ ዳቦ ይዞ።
«ከቁስል ምን የማይበቅል አለ? ትኩሳት የለውም ሰውየው።
ሳህን በሸተተ ቁጥር የመጨረሻውን መድኃኒት ካወጣሁ
ነገ በምን ልንጣላው ነው?»
እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው።
ሳህን አይታመምም፤ የሚታመመው ሰው ነው።

ግን ነሐሴ ላይ፣ እዚያው አልጋ አራት፣ አንዲት ልጅ ነበረች፣
ፒክሪያ የምትባል፣ ኩላሊቷን የታመመች፣ ጥፍሯን ብርቱካንማ የቀባች።
የሷንም ሳህን «ብክለት» ብላ የጻፈች
ይቺው እጅ ነች።
ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው፤
እዚህ ግን ያልጠረጠረችው ሌላ፣
የተመነጠረችው ሌላ።

ሦስት ፎቅ ወጣች፤ አሳንሰሩ እንደ ልማዱ ቆሟል።
ከአልጋ አራት ራስጌ የእጅ መታጠቢያው ይንጠባጠባል፤
የጽዳት ሠራተኛዋ የተረፈ ሻይ ከነስኳሩ ትደፋበታለች፣
«ሌላ የት ልድፋው?» እያለች።
ለካ በየማታው ቀለቡን ስንሰፍርለት ኖረናል።

ኤልጉጃ ዞሮ ሳያያት «ማነው ወይን ያመጣ?» አለ፤
«ልጆቼ ናቸው? ጨምቀው ሳይጨርሱ? ሸተተኝ እኮ!»
ከንፈሩ ደርቋል። እጁን ያዘችው፤ የጉድጓድ ድንጋይ።
ትንፋሹን ቆጠረች፦ በደቂቃ ሠላሳ አንድ።
ትኩሳት የለውም፣ እውነት ነው፤
ትኩሳት የሚያነድበት እንጨት አልቆበታል።

«አዎ፣ ወይን ነው» አለችው። ምን ትበለው?
ኮሪደር ወጥታ ስልኩን አነሳች፦
«ባዱር፣ ና። ወይን ነው፣ ወይንስ…»
አልጨረሰችውም። ከደረጃው የሚሮጥ ጫማ ሰማች።

በማግስቱ ከመታጠቢያው ጉሮሮ የወሰደችው ሳህን ያንኑ ሸተተ።
ቧንቧ ሠሪው መጥቶ ነቀለው፤ ግድግዳው ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ቀረ።
ኅዳር ላይ ኤልጉጃ በገዛ እግሩ ወጣ፣ ቆዳው እየጎተተው፤
ሁለት ጠርሙስ ላከላት፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ።

አንዱን ለባዱር ሰጠችው።
ሌላው ከመዝገቡ ጎን ቆሟል።
አንዳንድ ማታ ቡሹን ትነቅልና
አፍንጫዋን ታስጠጋለች፣
ቡሹን ትመልሳለች፣
እስከ ክርኗ ድረስ ትታጠባለች።