አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት

ሞተሩ ተፈቶ በጠረጴዛ ላይ፣
አራት ጉሮሮውን ከፍቶ ወደ ሰማይ፣
የደብረ ብርሃን ብርድ በቆርቆሮው ሽንቁር ይገባል ይወጣል፣
ማሙሸት አጠገቤ በእስክርቢቶው ጫፍ ዝርዝሩን ይወጋል።

«ቱርቦውን አስቀድም» ይለኛል ደጋግሞ፣
«ትልቁን፣ መርካቶ ያየሁትን፣
ከመስታወት ኋላ የተቀመጠውን እንደ ሙሽራ ተሸልሞ።
ሽንኩርቴን ጭኜ ከሸዋ ሮቢት ስነሳ፣
ዳገቱን በሦስተኛ ልብላው፣ ጥቁር ጭስ ሳላስነሳ፤
ጣርማ በር ስደርስ ያ ሁሉ ሲኖትራክ ከኋላዬ ይቅር፣
በአሮጌ አይሱዙ እስከ መቼ ልፈር?»

ልጅ ነው። ዳገት የሚሸነፍ በጉልበት ይመስለዋል።
እዚያ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሰውም ሞተርም ይደክመዋል።
ቱርቦ ማለት ብድር ነው፤ ከገዛ ጭሱ ተበድሮ
ለሞተር ሳንባ ያቀብላል አየሩን ጠቅጥቆ አጉሮ።
ብድር ደግሞ ዋስ ይሻል፤ ዋሱ ቢየላ ነው፣ ፒስተን፤
ደካማ ዋስ ብሎክ በስቶ ነው የሚነግርህ ኪሳራህን።

ስለዚህ ከውስጥ ጀመርኩ።
ፒስተኑ ኦርጅናል ይሁን፣ ፋሻውም፣ ኩሽኔታውም።
ዕቃ ሻጩ «ሁሉም ያው ነው» አለ፤ ያው አልነበረም፣ አይደለምም።
ፋሻውን በጥፍሬ ዳር ዳሩን አስኬድኩት፣
አንዷ ጠርዟ ሻከረኝ፤ «ቀይራት» አልኩት።

ኮሎዶካው ላይ ተጣላን። አዲሱ ቅጂ ያበራል፣
አሮጌው ኦርጅናል ዝጎ፣ ዘይት ጠግቦ፣ ጥግ ይዞ ያንቀላፋል።
አሮጌውን አንጠልጥዬ በመዶሻ እጀታ መታ አደረግኩት፤
እንደ ገዳም የድንጋይ ደወል ጠርቶ ጮኸ፤ ወሰድኩት።
የውብዳር ሬቲፊካ ቤት ሩብ ሚሊ ትላጨዋለች፣
ማይክሮሜትሩ ሳይነግራት በመዳፏ ታውቀዋለች።

ቱርቦውስ? ትንሹን።
ትልቅ ቱርቦ እንደ ባለሥልጣን ነው፣ እስኪደርስ ድግሱ ያልቃል፤
ትንሹ ግን ደብረ ሲና ገበያው በር ላይ፣ ገና ነዳጅ ስትሰጠው ይነቃል።
የዘይት ቧንቧው አዲስ ይሁን፤ ቱርቦ የሚሞተው በጥም ነው፣
ለዚህ ብር አትቁጠርብኝ፤ የውሃ ጥም አይደል፣ የደም ነው።
ስትቆምም ወዲያው አታጥፋው፤ ጥቂት ይተንፍስ በዝግታ፣
የጋለ ብረት ላይ የቀረ ዘይት ያርራል እንደ ተረሳ ሽሮ በማታ።
ማሙሸት አኮረፈ። «ሌላ ጋራዥ እሄዳለሁ» አለ። «ሂድ» አልኩት።
በር ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ወንበር ሳብ አድርጌ ሰጠሁት።

የቀረችው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ናት፤ ገንዘቡም አለቀ።
ለቅጂዋ ብቻ ይበቃል። እጄ ወደ እሷ ተዘርግቶ ደረቀ።

ሰባት ዓመት ሆነው። የሽመክት መኪና ነበር።
ያኔም ብር አጥሮን «ይህችም ትይዛለች» ብዬ ቅጂ ገጠምኩ።
ዋሻው አፍ ላይ፣ በጉም፣ በውድቅት፣
ውሃው ከዘይት ገብቶ ማኪያቶ መሰለ፤
ቴስታታው ተቆለመመ።
ሁለት ሌሊት አደረ ሽመክት፣
ጎማው ሥር ድንጋይ ደግፎ፣ ካፖርቱ ውስጥ ተኮራምቶ፣
ቲማቲሙ ከጭነቱ ሥር ቀይ እያንጠባጠበ።
«ዕድሌ ነው» አለኝ ሲመለስ።
ዕድሉን የገጠምኩት እኔ ነበርኩ። ዝም አልኩ።

ኦርጅናሏን ገዛሁ፤ ጎደሎውን ከኪሴ ሞላሁ።
«እንዴት በቃ?» አለ ማሙሸት። «ቀነሱልን» አልኩ፤ ዋሸሁ።
ቡሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር አጠበቅሁ፣
በመጨረሻው ዙር ላይ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ማታ ስልኬ ጠራ፤ ማሙሸት ነው፤ አልተናገረም።
ንፋስ ብቻ። ከዚያ ቀጭን ፉጨት፤
የትንሹ ቱርቦ ነበር፣ ሌላ አልነበረም።
ስልኩን ከሞተሩ አስጠግቶ ይዞልኝ ኖሯል፣ ጣርማ በር አናት።
ዓይኔን ጨፍኜ ቆጠርኩ፦ አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት፤
አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት።
ከዚያ የሽመክትን ቁጥር አወጣሁ፣ ሰባት ዓመት ያልደወልኩበት።