እንየው፣ በሁለት መቶ ኪሎ ባይት

ልንገረው መጣ፣ የጀልባ ማኅበሩ ጸሐፊ፣
«ፎቶው ሳይደርስ እኮ እንግዳው ነው አላፊ!
ኔትወርኩ ሁለት ሰረዝ፣ ምስሉ ስምንት ሜጋ፣
ሰማዩ ብቻ ወርዶ፣ ውኃው ሳይወርድ ሊነጋ!
ቀንሺልኝ በሞቴ፣ ሸክሙን አራግፊ፣
ውበቱን ግን አደራ፣ ቆዳውን አትግፈፊ።»

ፎቶው የእኔ ነው፤ በጥር ማለዳ ከወደቡ ጥግ ያነሳሁት፦
ዘጌ እንደ ቅንድብ ቀጥኖ፣ ከጭጋጉ ማዶ ርቆ፣
ፊት ለፊት ነጭ ጀልባ፣ ገመዱ ከዋርካ ሥር ታንቆ፣
ወዲያ ደግሞ፣ ውኃው የት እንዳለቀ ጭጋጉ በማይናገርበት፣
አንዲት የደንገል ታንኳ፣
አንድ ሰው፣ ወይም የሰው ጥርጣሬ።

ማስረዳት ነበረብኝ፣ አስረዳሁት።
«ደንገል እንደታጨደ ታንኳ አይሆንም፤ ፀሐይ ይመታዋል፣
ውኃው ይወጣለታል፣ ያኔ ሰው ይሸከማል።
ምስልም እንዲሁ ነው፤ ጥያቄው ግን አንድ፣
ውኃውን ማን ያወጣል? በየትኛው መንገድ?

ፒኤንጂ የንብረት ክፍል ነው፣ ቅንጣት ቢጎድል አይተኛም፣
ለአርማችሁ ይሁን፤ ጭጋግ ግን በእሱ ሚዛን አይቻልም።
ጄፔግ የሀገር ሽማግሌ፣ ያላንኳኳው በር የለም፣
ስምንት በስምንት ሸንሽኖ፣ በየመደቡ ያድላል ቀለም፤
ሲያጣድፉት ድንበሩ ይታያል፣ ሰማዩ ሰሌን ይሆናል።
ዌብፒ ጎረቤቱን አይቶ የቀጣዩን ካሬ ይገምታል፣
ከሳተ የሳተውን ብቻ ይጽፋል።
አቪፍ የፊልም ቤት ልጅ ነው፤ ለማሰብ ጊዜ ይፈጃል፣
ጭጋግ ስጠው እንጂ፣ እንደ ሐር ያለሰልሰዋል።»

«በቃ፣ የፊልሙን ልጅ!» አለ።

ጥራት ሠላሳ። የላፕቶፔ ማራገቢያ ጮኸ፣
ስምንት ሜጋው አርባ ኪሎ ባይት ሆነ።
ዘጌ አለ። ጀልባው አለ። ገመዱ ሳይቀር እስከ ክሩ።
ሰማዩማ ከእውነተኛው ማለዳ ይልቅ ያምር ነበር፣
እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ትኬት ቆራጯ ዝማም፣ ብር ልትዘረዝር ወጥታ፣
በትከሻችን መካከል አየች፣ አንገቷን ዘርግታ።
«እንየው የታል?»
«እያየነው አይደል?» አለ ልንገረው።
«እንየው ነው የምልህ! ወንድሜ!
እዚህ ጋ ነበር፣ ከነታንኳው።»

ጣቷ ያረፈበት ውኃ የጠራ ነበር፣
አንዳች የማይጎድለው።
ስሌቱ አስቦ ነበር፦ ይቺ ጠቋራ ነገር
ከጭጋጉ ብዙ አትለይም፣ ብትቀር የሚያጣት ዓይን የለም።
አልተሳሳተም እኮ።
ልንገረው አላጣውም።
ያነሳሁት እኔ እንኳ አላጣሁትም።

ሠላሳ አምስት። አርባ። አርባ ስምንት፣ ውኃ።
ስልሳ ሁለት ላይ ውኃው የሆነ ነገር ጠረጠረ፣
ሰባ ላይ ትከሻ ሆነ።
ሁለት መቶ አሥር ኪሎ ባይት።
«አምስት እጥፍ? ለአንድ ነጥብ?» ልንገረው ተንተከተከ።
«ሁለት ሰከንድ ነው» አልኩት።
ዝም አለ። ዝማምን አየ። ሰዓቱን አየ።
«ጫኚው እንግዲህ፤ ከዚህ በላይ ግን አንዲት ባይት!»

ማታ እንየው መጣ፣ አምባዛውን በሽቦ አንጠልጥሎ፣
የእህቱን ስልክ ተቀበለ፣ መዳፉን በሱሪው አድርቆ።
ቆየ። በሁለት ጣቱ አጎላው፣
እስኪፈረካከስ ጎተተው።
«ይቺ እኔ ነኝ?»
«አንተ ነህ።»
«ይሁን። ታንኳዬንስ የት ጣላችኋት?»

ተቀብዬ አየሁ።
እውነትም፣
ውኃ ላይ ነው የቆመው።