ቅጥያ

ጦሳ ጉሙን ለቆ ሆጤን እያለበሰ፣
ሙሄ፣ የአክስቴ ልጅ፣ ከኮምቦልቻ ደረሰ፤
በካልሲው ሸጉጦ ፍላሽ አመጣልኝ፣
«ኔትወርክ ስትጠብቂ እንዳታረጂ» አለኝ።
ሠላሳ ዘጠኝ ቅጥያ አንድ በአንድ ቆጠረ፣
እንደ ቅመም ነጋዴ እያሸተተ መሰከረ፦
«ይኼ ቅንፍ ያቀልማል፣ ይኼ መስመር ያቀናል፣
ያኛው ሳትጨርሺ ቃልሽን ይቀማል፣
ይችን… እውነት ለመናገር፣ እኔም አላወቅኋት፤
ግን ሰው ሁሉ ጭኗታል፣ ዝም ብለሽ ጫኚያት።»

ጫንኩ።
ለአንዱ በር ብከፍት ሰባት አስከትሎ
ገባ፣ «የሱ አማች ነኝ፣ የሷ ጎረቤት» ብሎ።
ላፕቶፔ አቃሰተ፣ ከሆዱ ስር ጋለ፣
ሲሚንቶ ጭኖ ሐረጎን የሚወጣ ሲኖትራክ መሰለ።
ገጹ የባቲ ሰኞ ሆነ፣ ቀለም በቀለም፤
ከዚያ ሁሉ ቀለም ውስጥ ግን የኔ መስመር የለም።

ሥራውማ ቀላል ነበር፤ አያ አሊጋዝ ይመር፣
ሐይቅ፣ ወፍጮው በር ላይ፣ ዱቤ በከሰል ሲደምር
ክረምቱ ይመጣና ዕዳውን ያጥበዋል፤
«ዝናቡ ማረን» እያለ ያለበት ይስቃል።
መዝገብ ልሠራለት ቃል ገብቼ ነበር፤
ይኸው እኩለ ሌሊት፣ ዕቃ ስደረድር።

ሁለቱ ተጣሉ በአንዲት ድርብ ሰረዝ፣
አንዱ ሲተክላት ሌላው ሲመዝዝ።
ስሙን ብጽፍ ደግሞ አንዱ በቀይ አሰመረ፣
«አሊጋዝ ስህተት ነው፣ አርሚው» ብሎ መከረ።

ስህተት?
የአርባ ዓመት ዱቄት ቅንድቡ ላይ ያለ፣
ስንቱን ቤት ያበላ ሰው፣ ስህተት ተባለ?

ለካ ቅጥያም ሲበዛ ቅጥ ያጣል።
ነቀልኩ። ያኛውን። ይችንም፣ ሙሄ ያላወቃትን።
የት ሄደ ብሎ የጠየቀኝ የለም።
ማራገቢያው ዝም ሲል
ሙሄ ሲያንኮራፋ ተሰማ።

ሁለት ተረፉ፦
የተከፈተን ቅንፍ ከዘጊው የሚያጣምድ፣
እና ያ ቀይ ብዕር፣ ስም የማይለምድ።
እሱን አላባረርኩም።
«ወደ መዝገበ ቃላት ጨምር» የሚለውን ነካሁ፤
ቀዩ መስመር ጠፋ፤
አያ አሊጋዝ ቆመ፣ አራሚ ሳይነካው።

ከዚያ የመጀመሪያውን መስመር ጻፍኩ፤
ሁለተኛው ላይ መብራት ሄደ፣
ባትሪዬም ከሞተ ቆይቷል።
ስሙን ግን አስቀምጬዋለሁ።