ተገኝ

ፋይሉ ቀጭን ነው፤ ሦስት ገጽ ብቻ።
የልጁ ስም፦ ተገኝ። የአባት ስም፦ ሌዳሞ።
የእናት ስም በሚለው ላይ
አንድ ሰረዝ ተጋድሞ።

«ሌዳሞ የታለ? በሕይወት አለ?» አልኩ።
ሠራተኛዋ በስክሪፕቶዋ ጫፍ በመስኮቱ አሳየችኝ፦
በሩ ሥር፣ ካኪ ካፖርት ደርቦ፣
የልጅ ሰንደል ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሽቦ በጥርሱ ስቦ
የሚጠግን ዘበኛ።
«ከበሩ ላይ ያነሣቸው አሥራ አንድ ናቸው፤
ፖሊስ የአባት ስም ሲጠይቅ
የራሱን ሰጣቸው።»

እኔ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤
አሮጌው መናኸሪያ ጎን ዩኒፎርም እሰፋለሁ።
ነሐሴ በመጣ ቁጥር የሰው ልጅ ቁመት እለካለሁ፣
እቆርጣለሁ፣ እዘመዝማለሁ፤
መስከረም ሲጠባ ለየእናቱ አስረክቤ
ሜትሬን አንገቴ ላይ ጥዬ እገባለሁ።

አህያ እንኳ በዓመቷ ትገላገላለች፤
እኔን አሥራ አራት ወር ፈጀብኝ።
የጤና ማስረጃ፣ የጣት አሻራ፣ የኪራይ ውል፣
ደብዝዟል ተብሎ እንደገና ማኅተም፣
ፈራሚው ስብሰባ ገብቶ፣ ሰኞ ተመለሺ፣
ሰኞ መብራት ጠፍቶ።
ቤቴ መጥተው አልጋውን በክንዳቸው ለኩ፤
ጎረቤቴን ወይዘሮ ዘርትሁንን
«ትሳደባለች ወይ?» ብለው ጠየቁ።
«ባጃጅ ነጂ ብቻ» አለችልኝ።

ወንድሜ ከዲላ ደወለ፤ ተረት ይወዳል፦
«እህቴ፣ ያልወለዱት ልጅ ቢስሙት ዳባ ዳባ ይላል።»
ዝም አልኩት።
ካርዱ አለቀ።

መጥሪያው ሲመጣ፣ ልጁ በጣቱ ፊደል እየቆጠረ
«እንዲገኝ» የሚለው ላይ ደርሶ ቆመ፤
«ግማሹ ስሜ እዚህ አለ» አለ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ፦
«የአባት ስም ይለወጥ? ያንቺ አባት ይግባ?»
ወደ ኋላ ዘወር ብዬ አየሁ።
ሌዳሞ ፈረቃውን ለውጦ መጥቷል፤
ኮፍያውን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ
ወለል ወለሉን ያያል።
ሜትር በእጄ ሳይኖር ዓይኔ ለካ።
«ይቆይ» አልኩ። «ልኩ ነው።»

የመጀመሪያዋ ሌሊት አልጋው ባዶ ነበር።
መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ቅዳጅ ጨርቅ ለብሶ፣
ኪሱ ውስጥ ግማሽ ዳቦ፣
ዓይኑ ክፍት።
«ተገኝ!» እላለሁ፤
ስም ልጥራ፣ ልለምን፣ እኔም አልለየሁ።
በሁለተኛውም ሌሊት። በሦስተኛውም።
በአራተኛው መብራቱን አጥፍቼ መሬት ቁጭ አልኩና
«ኩኩሉ!» አልኩ።
ዝም።
ከሐይቁ በኩል ውሻ ይጮኻል፤ ትንኝ ጆሮዬ ሥር።
«ኩኩሉ!»
ከጨርቁ ውስጥ፣ ትንፋሽ በሚያህል ድምፅ፣
«አልነጋም።»

ዳቦውን አሁንም ይደብቃል። አልነካበትም።
ትራሱን በደጅ ሳራግፍ
ፍርፋሪው ለወፍ ይተርፋል።

እሑድ አሞራ ገደል ወረድን፤
ጥብስ ዓሣ፣ ሎሚ፣ ሚጥሚጣ በቁራጭ ወረቀት።
አባ ኮዳዎቹ እንደ ራሰ በራ ሽማግሌ
ክንፋቸውን አጣጥፈው፣ አጥንት ይጠብቃሉ ቆመው።
«እነዚህ ስማቸው ማነው?»
«አባ ኮዳ።»
«ያስ፣ እግሩን የሚጎትተው?»
«እሱም አባ ኮዳ።»
«ሁሉም በአንድ አባ?»
«ሁሉም።»
ከአጥንቱ ትልቁን መርጦ ወረወረላቸው።
«እንደኛ» አለ።

ጣቱን በቀሚሴ ጠረገ። ጎንበስ ብዬ ሳምኩት፤
ዓሣ ዓሣ ይላል።