ቋጠሮና ቀጠሮ

አራት ሆነን በታንኳ፣ ከደብረ ማርያም ማዶ፣
እንድሪስ ደንገሉን ከሥር ከሥሩ አጭዶ
ቀና ሊል ሲሞክር፣
ማጭዱ አመለጠው፤ ጥልቅ አለ ከባሕር።

ልጁ ኑርዬ ግን መች ደነገጠና!
ካሮጌ ሹራቡ ቀይ ክር መዘዘና
ማጭዱ በሾለከበት፣ በታንኳው ጠርዝ ላይ
አጥብቆ ቋጠረው። «ይኸው አባ፣ እይ!
ምልክት አድርጌያለሁ፤ ዳር ስንደርስ ገብቼ
ከዚች ክር ሥር ነው የማወጣው ዋኝቼ።»

እንድሪስ ፈገግ አለ። እኔማ ከት አልኩኝ።
ሚስተር ዦው አልሳቀም፤ በዓይኑ ዝም አሰኘኝ።
(የድልድዩ ቀያሽ ነው፤ ሲለካ የሚውል፣
እኔ ቃሉን ይዤ ከኋላው የምከተል።)

«በኛ አገር» አለ «ድሮ፣ ነገሥታት ብዙ ሳሉ፣
ቹ ከሚባል ምድር አንድ ሰው ነበር አሉ።
ወንዝ ሲሻገር ሰይፉ ከጀልባ ወደቀ፤
ጩቤውን መዘዘ፣ የጀልባዋን ጠርዝ ፋቀ፤
ዳር ደርሳ ስትቆም፣ ከጭረቱ በታች
ዘሎ ገባ። ሰይፍ የለ። ጀልባዋ ሄዳለች፤
ሰይፉ ግን እዚያው ነው፣ ከወደቀበቱ።
ጊዜ ሲሄድ ላላየ፣ ለሱ ነው ተረቱ፤
በአራት ቃል ያልቃል።» እንዲህ ብሎ ሲለኝ
በአራት መለስኩለት፣ ሥራዬ ነው 'ሚያበላኝ፦
«ጀልባ ፍቆ ሰይፍ ፍለጋ።»
እንድሪስ ቀዘፋውን አቆመና፣ ረጋ
ብሎ «ማጭድስ» አለ «ከገበያ አይጠፋም፤
ልጄን ተዉልኝ» አለ። ሌላ አልተናገረም።

ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ቀረ።
ከወደቡ አጠገብ አንድ ዋርካ ነበረ፤
«ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከዋርካው ሥር» ብላኝ
ዘቢደር ሳትመጣ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።
መተማ አግብታለች፤ ሁለት ልጅ ወልዳለች፤
ዋርካው ለአስፋልት ተቆርጧል፤ ባሕሯም ሸሽታለች፤
ከሸሸችበት ላይ እምቦጭ ተነጥፏል።
ጫማዬ ግን ቅዳሜ መንገዱን ለምዶታል።
ቀጠሮ አለኝ ስል ኖርኩ፤
ለካስ ቋጠሮ ነው፣ በሚሄድ ታንኳ ላይ የቋጠርኩ።

ዳር ደረስን። ኑርዬ ሹራቡን አወለቀ፣
ከክሩ ሥር ገባ፣ ዘለቀ ዘለቀ፣
እጁ ጭቃ ይዞ፣ ፀጉሩ እምቦጭ ለብሶ
ወጣና ክሩን አየ። ቀጥሎ፣ ዓይኑን መልሶ
ያን ሩቅ ደሴት አየ። አፉን ከፈተ፤
ምንም ሳይል ዘጋው። ክሩን ፈታና ኪሱ ከተተ።

እኔ ሰዓቴን አየሁ።
ቅዳሜ ነበር። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ።